ከወይራው ወዲህ

በጅቡቲ ከባቡር ጣቢያው ወደ ወደቡ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ጋሪውና ግመሉ፣ አሁን አሁን ደግሞ የፈረንጆቹ የጭነት ካሚዮን በሚተራመስበት መሃል አንድ ያገራችን ሽማግሌ ድንገት ቀጥ ይላል። ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ወደ ባዶው መንገድ ጎንበስ ብሎ ይሳለማል፣ ያማትባል። ከኋላው የደረሰው ጋሪ ነጂ በዓረብኛ ይሳደባል፤ አዲስ መጤው ደግሞ ይስቃል። ሰውዬው ምን ታይቶት ነው? ምንም። እዚያ ላይ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ነበር። ከፈረሰ ዓመታት አልፈዋል፤ እግራችን ግን እስከ ዛሬ አልሰማም።

ባለፈው የሚካኤል ዕለት እኔም እዚያው ቆሜ ተሳለምኩ። ቀና ስል ዓይኔ እንደ ልማዱ እትዬ አየለችን ፈለገ። ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ፣ ያቺን አጭር ቁመቷን ይዛ፣ ለጋሪ አልንቀሳቀስም ብላ የምትቆመውን ሴትዮ ማለቴ ነው። የለችም። ከቀበርናት ገና አርባዋም አልወጣ። መሞቷን እያወቅሁ መፈለጌ አናደደኝ፤ ቀኑን ሙሉ ያለ ምክንያት ሰው ስቆጣ ዋልኩ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ የቆመችው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ጥላ በሚያርፍበት በኩል ነበር። ጾም የማይሆንልኝ ሰው ስለሆንኩ አብዛኛውን ቅዳሴ የሰማሁት በአጥሩ ቀዳዳ ነው። ቄሳችን መምሬ ተክሌ «ታዬ፣ አንተ ምእመን ሳትሆን ጎረቤት ነህ» ይሉኝ ነበር። አልዋሹም። ጎረቤት መሆን ግን ብዙ ያሳያል፤ ውስጥ ያለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እኔ ግቢውን አይ ነበር።

ግቢውም ግቢ ለመባል ብዙ ይቀረው ነበር። ከሥሩ የባሕር ድንጋይና ጨው ነው፣ ከላዩ የሚፋጅ ሰማይ። መጀመሪያ የነበረው መቃብሩ ነው፤ ሀዲዱ ሲዘረጋ የሞቱት ያገራችን ሰዎች ተቀበሩበት። ታቦቱ በኋላ ሙታኑን ተከትሎ መጣ። ከሳጥን ጣውላና ከቆርቆሮ አጥር ተሠራ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ቆርቆሮ የለበሰች ቤተ ክርስቲያን ቆመች። የላይ አገር ሰው ደግሞ ዛፍ የሌለው ቤተ ክርስቲያን አይዋጥለትም። ስለዚህ ይተክላል። ጽድ ይመጣል፣ ይተከላል፣ ይደርቃል። ወይራ ይመጣል፣ ይተከላል፣ ይደርቃል። አንድ ጊዜማ ኮሶ አመጡ፤ ኮሶ በጅቡቲ ይታያችሁ። ከአንድ ሁለት ግራርና ከአንዲት ጎባጣ ዘምባባ በቀር የጸደቀ አልነበረም።

ሰው ግን የደረቀውን ዛፍ ከአፉ አላወጣውም። «ከጽዱ ሥር ጠብቀኝ» ይሉሃል። ትሄዳለህ፤ ጽድ የለም፤ ሰውዬው ግን እዚያው ቆሞ ይጠብቅሃል። የተጣሉ ባልና ሚስት የሚታረቁት ከኮሶው ሥር ነበር። በባቡር የወረደ እንግዳ ያገሩን ሰው ሲፈልግ ወደ ወይራው ይላክ ነበር። የሐረር እስላም ነጋዴዎች ሳይቀሩ «ዕቃውን ወይራው ዘንድ አራግፈነዋል» ይሉ ነበር። በጠራራ ፀሐይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ለመጣው ሰው ከሌለው ጥላ ላይ ቦታ ሲለቁለት እኔ ራሴ አይቻለሁ። መጀመሪያ ስቄ ነበር። ከጊዜ በኋላ እኔም ወደዚያ ሳልፍ ቅርንጫፍ እንዳይመታኝ አንገቴን ዝቅ ማድረግ ጀመርኩ።

እትዬ አየለች እዚህ ግቢ የገባችው ባሏን ፍለጋ ነው። ባሏ ደምሴ የሀዲድ ሠራተኛ ነበር። ንዳድ ሰዉን በፈጀበት በዚያ በጋ ከሠራተኞቹ ሰፈር ታሞ ወደ ከተማ አመጡት፤ ሞተ። ሙቀቱ ሬሳ ስለማያሳድር በዚያው ቀን ቀበሩት። እሷ መታመሙን ሰምታ ከገልዴሳ ከግመል ነጋዴዎች ጋር ወርዳ ስትደርስ የመቃብሩ አፈር ደርቋል። የቀበረው ቆፋሪ ራሱ በንዳድ ተይዞ ሰፈሩ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሄዳ ጠየቀችው። «ከወይራው ወዲህ ቀብሬዋለሁ» አላት፤ ሌላ ቃል ሳይጨምር ብዙም አልቆየ፣ እሱም ሞተ።

ሄዳ ብታይ ከወይራው ወዲህ ያለው መቃብር አንድ አልነበረም። ጎን ለጎን ሦስት ጉብታ ነው፤ ምልክት የለው፣ የሚያውቀው የለ። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን መርጦ ያለቅስ ነበር። እሷ ሦስቱንም ተራ በተራ አለቀሰችላቸው። ከዚያ ከግቢው ጀርባ አንዲት የጣውላ ክፍል ተከራየችና ለባቡር መንገደኛ ወጥ እየሠራች መኖር ጀመረች። ከአንዲት ወተት ሻጭ ሱማሌ እሬት ለምና በሦስቱም ራስጌ ተከለች። ያ እሬት ጸደቀ። ጽዱና ወይራው ያልቻለውን እሬት ቻለው። ልብስ ያጠበችበትን ውሃ ሳይቀር አትደፋም ነበር፤ አምጥታ ለሦስቱ ታካፍላለች። ስታፈስ «ጠጡ እንግዲህ፤ አትሻሙ» ትላቸዋለች። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እሰማታለሁ።

አንድ ቀን ወተት ሻጯ የባሏን መቃብር አሳዪኝ አለቻት። እትዬ አየለች እጇን ዘርግታ ሦስቱንም አሳየቻት። ሴትዮዋ ቆጥራ ቆጥራ «ሦስት ባል! አንቺስ ሱልጣን ነሽ» አለቻትና ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። መምሬ ተክሌ መጥተው «መቃብር ላይ ይሳቃል ወይ?» ብለው ተቆጡ። እትዬ አየለች «አባቴ፣ እነሱም ናፍቋቸዋል» አለቻቸው።

ደምሴን እኔ አይቼው አላውቅም። ግን ባየው አልስተውም ነበር፤ እሷ እየሄደች አሳይታኛለችና። ገና በላይ አገር ሳለ ከበቅሎ ወድቆ ግራ ቅልጥሙ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻው አጣሞ ገጠመው፤ አጥንቱ እንደ ክርን ወጥቶ ቀረ። «እንዲህ ነበር የሚሄደው» ትልና ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ በግቢው መሃል ታነክሳለች። ትከሻዋ ይሰፋል፣ አገጯ ይነሳል፣ ሴትዮዋ ትጠፋለች። ትንሽ ትሄድና ትቆማለች፤ ፊቷ ወደ ራሷ እስኪመለስ ጊዜ ይወስድባታል። እውነቴን ነው፣ ያን ስታደርግ ሳያት ክንዴ ላይ ፀጉሬ ይቆም ነበር። የሞተው ሰውዬ ከአጥሩ ወዲያ በአጠገቤ እንዳለፈ ሁሉ መርፌዬን አቁሜ አዳምጥ ነበር።

ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስትሞት ከሱ ጎን መቀበር። ሌላ ባል አላገባችም፤ ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም። ወንድሟ ከላይ አገር ድረስ ወርዶ ሊወስዳት ለመናት። ክርክራቸው ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ነበር።

«እዚህ እሳት ውስጥ ማን አለሽ?» አላት።

«ባሌ።»

«የሞተ ሰው ነው እኮ፣ አየለች።»

«ታዲያ ጥዬው ስሄድ ይድናል?»

ወንድሟ በማግስቱ ባቡር ብቻውን ተመለሰ።

እንዲህ እንዳለን ከተማው አደገብን። ወደቡ ሰፋ፣ በግራ በቀኝ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ቆመ፣ ድሮ ከከተማው ዳር የነበረው ግቢያችን መሃል ገባ። ከከተማው ሹም ቤት ትእዛዝ መጣ። መንገድ ሊወጣ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ ይነሳል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሌላ ቦታ ተሰጥቷል። ሙታኑስ? ዘመድ ቆሞ «የኔ ነው» ያለው ይወጣል፤ ባለቤት የሌለው እዚያው ይቀርና ድንጋይ ይደለደልበታል። በአጥሩ ጥግ በኩል ያሉት ስማቸውን የሚያውቅ ያልነበራቸው የሀዲድ ሰዎች በሙሉ መቅረታቸው ነው። መምሬ ተክሌ ይህን ሰምተው ከቤታቸው አልወጣ አሉ።

እኔ ሞኙ ግን ለእትዬ አየለች ደስ አለኝ። ሄጄ «እትዬ፣ ይኸው ጊዜው ደረሰ፤ ሲቆፈር ቅልጥሙን ታዪዋለሽ፤ የትኛው እንደሆነ አወቅሽ ማለት ነው» አልኳት።

ድስቷን ማማሰሏን ሳታቋርጥ «ካወቅሁ በኋላ ሁለቱስ?» አለችኝ።

«ሁለቱ ምንሽ ናቸው?»

«እነሱ ከኔ ሌላ ቆሞ የኔ ናቸው የሚላቸው አላቸው?»

«ሦስቱንም አስወጪያ። ባልሽንም እወቂ፣ እነሱንም ውሰጂ።»

«አይ ታዬ፣ እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። ያን እግር ካየሁ እሱን እቅፍ አድርጌ እሄዳለሁ፤ ዞር ብዬም አላያቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ውሃ ሳጠጣቸው ኖሬ እንደዚያ አላደርግም። አላይም።»

ሹሙ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ አስቀምጦ ሰዉን ተራ በተራ ጠየቀ። የሚያስተረጉመው ዩሱፍ ነበር፤ የሐረር ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ፈረንሳይኛ እንደ ውሃ የሚጠጣ። የእትዬ አየለች ተራ ሲደርስ ሹሙ የትኛው ነው የሷ ብሎ አስጠየቀ።

«ሦስቱም» አለች።

«ምንሽ ናቸው ይላል።»

«ባሌ ነው በለው።»

ዩሱፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሦስቱም፣ እናቴ?» አላት።

«ሦስቱም።»

ዩሱፍ መሬት መሬቱን እያየ በፈረንሳይኛ ብዙ ተናገረ። ሹሙ ላቡን ጠራረገና ይውሰዱ ብሎ እጁን አወናጨፈ። በኋላ ምን እንዳለው ጠየቅሁት። «ባሏ፣ ወንድሟና አማቷ ናቸው አልኩት። ጾሜን ይዤ ዋሸሁላችሁ፤ አላህ ይይልኝ» አለ። አፅሙ የሚጠቀለልበትን አቡጀዲም ከራሱ ሱቅ ቀዶ ያመጣው እሱ ነው።

የተቆፈረ ዕለት ማለዳ እትዬ አየለች ድንጋይ ላይ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ተቀመጠች። አፅሙን በአቡጀዲ ጠቅልሎ የሚሰፋው እኔ ነበርኩ። ላለማየት የማለችው እሷ ናት፤ እኔ አልማልኩም። መጀመሪያ የወጣውን ሳነሳ ዓይኔ በቀጥታ ወደ ቅልጥሙ ሄደ። ደህና፣ ጤነኛ አጥንት ነው። ሰፋሁት። ሁለተኛውም ጤነኛ ነው። እንግዲህ ሦስተኛው ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ። እንደ መጥረጊያ እጀታ ቀጥ ያለ ነው። ተሳስታ ይሆናል ብዬ ቀኙንም አየሁ፤ በጣቴም ዳሰስኩት። ደምሴ እዚያ አልነበረም።

ጨርቁን ይዤ እንደተንበረከክሁ ቀረሁ። ያ ሁሉ ውሃ፣ ያ ሁሉ እንባ፣ ወንድም አሰናብቶ በእሳት ውስጥ መቅረት፣ ለማያውቋት ሰዎች ነበር? አልቅሼ ነው የሰፋሁት፤ አልደብቅም። ስጨርስ ጠራኋት፤ ዞረች።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ጠብቀህ ሰፋሃቸው?»

«ጠብቄ ሰፋሁ፣ እትዬ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት፤ ምን ብዬ እነግራታለሁ? የትኛው ቦታ ይቆፈር ብትለኝ የማሳያት የለኝ።

አዲሱ ቦታ ደርሰን ፍትሐት ሲጀመር መምሬ ተክሌ የክርስትና ስም ጠየቁ። ያለ ክርስትና ስም ሙት አይፈታም። ለመጀመሪያው «ገብረ ሥላሴ» አለች፤ የደምሴ የክርስትና ስም ነው። ለሁለተኛው «ገብረ ሥላሴ» አለች። ለሦስተኛውም እንደዚያው። መምሬ መጽሐፋቸውን ያዝ አድርገው «አየለች፣ ለሦስቱም አንድ ስም?» አሏት።

«አንዱ የራሱ ነው። ለሁለቱ ደግሞ እሱ አያበድራቸውም? ደግ ሰው ነበር።»

መምሬ ደገሙት፤ ገብረ ሥላሴ፣ ገብረ ሥላሴ፣ ገብረ ሥላሴ። የስሙ ባለቤት ከሦስቱ አንዱም አለመሆኑን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰውነቴን ብርድ ብርድ አለኝ፤ በጅቡቲ ፀሐይ።

ትንሽ ቆይቶ በአዲሱ ግቢ ወይራ ይተከል ተባለ። እንዴት ያለ ሕዝብ ነው! ከድሬዳዋ ችግኝ መጣ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ እትዬ አየለች ውሃ ይዛ ቆመች። መምሬ ተክሌ አርጅተዋል፤ ያረጀ ሰው ደግሞ ወሬው የድሮ ነው። «የመጀመሪያውን ወይራ ያያችሁ የላችሁም» አሉ። «እሱ እንኳ ከአጥሩ ጥግ ነበር። በዚያ በንዳዱ በጋ ደረቀና ምትኩን ራቅ አድርገን መሃል ላይ ተከልነው። ቆፋሪያችን ታሞ በተኛበት ሰሞን ነው፤ እሱ ቢኖር ጉድጓዱን አሳምሮ ይቆፍርልን ነበር።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ቆፋሪው አዲሱን ወይራ አላየውም። ከወይራው ወዲህ ሲላት የሚያውቀውን፣ የአጥሩን ጥግ ወይራ ማለቱ ነበር። እሷ የደረሰችው ምትኩ ከተተከለ በኋላ ነው። ደምሴ ባለቤት ጠፍቶ ድንጋይ ከተደለደለባቸው ጋር ነው ያለው። ቀስ ብዬ ወደ እትዬ አየለች ዞርኩ። ውሃውን ከወይራው ሥር እያፈሰሰች ነበር፤ እንስራው እስኪያልቅ አላቋረጠችም፣ ፊቷም አልተለወጠም። አልሰማችም ብዬ እፎይ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ግን በመንገዱ ስናልፍ ሁላችንም ደጃፉ በነበረበት ስንሳለም እሷ አለፍ ብላ መቆም አመጣች። ወደ ታች፣ የድሮው አጥር ወደሚታጠፍበት ግድም። እዚያ ካሚዮኑ ይበዛል፤ ይጮሁባታል፣ አትሰማም። «እትዬ፣ በሩ እኮ እዚህ ጋ ነው» እንላታለን፤ «እሺ» ትልና ሌላ ቀን እዚያው ናት። እርጅና ነው አልን። እኔም እንደዚያው አልኩ፤ ሌላ ሐሳብ ሲመጣብኝ አባርረው ነበር።

ሊያልቅላት ሲል አስጠራችኝ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የጣውላ ክፍሏ እንደ ምድጃ ግሏል። እጄን ያዘችና ምንም ሳታዘጋጀኝ «ታዬ፣ ያ ቅልጥም አልነበረም አይደል?» አለችኝ።

ዓይኔን ወደ በሩ አሸሸሁ።

«ተወው፣ አትጨነቅ። ስትጠራኝ ዞሬ ፊትህን አየሁት። ባሌን አግኝተህ ቢሆን አፍህ አያስችልህም ነበር። የቀረውን ወይራው ሲተከል መምሬ ነገሩኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለነዚህ ሰዎች ውሃ ይዘሽ የምትመላለሺው ምን ብለሽ ነው?»

«ምን ላድርግ? ከተኙበት ካስነሳኋቸው በኋላ የኔ አይደላችሁም ልበላቸው?»

ይህን ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ያን ሁሉ ዘመን ሳውቃት ለራሷ ስታለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ካሚዮን ሲያልፍ ከሩቅ ተሰማ፤ ትንፋሿን ይዛ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ያ እግሩ እኮ ታዬ፣» አለች፣ «ጫና አይችልም ነበር።»

ላጽናናት ፈልጌ ነበር፤ ምን ተብሎ እንደሚጽናና የሚያውቅ ይንገረኝ። የት እንቀብርሽ ብዬ ጠየቅኋት፤ ከዚያ የተሻለ አልመጣልኝም። «ከነሱ ዘንድ» አለች። «ሌላ የት ልሄድ? መንገድ ላይ ሰው አይቀበር።»

በማግስቱ አረፈች። ከሦስቱ አጠገብ ቀበርናት። ሱማሌዋ ወተት ሻጭም መጥታ ከዳር ቆማ ነበር፤ ዩሱፍም ከነልጆቹ። አፈሩ ተመልሶ ሲያልቅ ሴቶቹ እንባቸውን በነጠላቸው ጠራርገው እርስ በርስ ተያዩ፤ ፊታቸው ፈካ ያለ መሰለኝ። «እሰይ፣ የለፋችበትን አልነሳትም፤ ይኸው በስተመጨረሻ ከባሏ ጎን አረፈች» አሉ። መምሬ ተክሌም በተራቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከባሏ ጎን አሳረፋት፤ አሜን በሉ» አሉ።

ሁሉም አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ።